«መረጃ እየሰበሰብን ነው»

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለናኦሚ፦

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔና እናትሽ አለን። ደኅና ነን ብዬ ብጽፍ አታምኚኝም፤ ስለዚህ አለን ብቻ ልበል።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሔለን ናት። ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ልትመለስ ነው። በስልክ ብነግርሽ ይሻለኝ ነበር፤ አንቺ ግን ስልክ ማንሣት ካቆምሽ ሰነበትሽ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። እናትሽ «ማዳሟ ስልኳን ወስዳባት ነው» እያለች ራሷን ታጽናናለች። እኔ ግን ምክንያቱን ዐውቄዋለሁ። የአክስትሽ ልጅ ባቻ ምን ብሎ እንደጻፈልሽ ራሱ ነገረኝ። «ሌንጮን ያስያዘው አንቺ የላክሽለት ላፕቶፕ ነው» ብሎ ነው የጻፈልሽ። ባቻ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ይቀድመዋል እንጂ። ያንን ይዘሽ በሰው አገር፣ በሰው ማድ ቤት ብቻሽን ስታለቅሺ ይታየኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ላፕቶፑ የደረሰ ዕለት ወንድምሽ ሌንጮ እራት አልበላም። አሮጌው ኮምፒውተሩ አንድ ፕላን እስኪከፍት ድረስ ሰው ገበያ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ይህኛው ገና ሳትነኪው ይከፍታል እያለ ሲስቅ አመሸ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት የነበረ ልጅ በዚያ ዕቃ ሰው ሆነ። ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ፕላን ይሥላል። እዚሁ ጨለለቂ ውስጥ ግድግዳቸው ከቆመ ቤቶች መካከል የእርሱ እጅ ያለባቸው አሉ። አብረን ስንሄድ ቆም ይልና «አባባ፣ ያቺ መስኮት የኔ ናት» ይለኛል። ሲሬ ላይ ደግሞ አንድ ነርስ ሊከፍተው ላሰበው ክሊኒክ ፕላን ሠርቶለት ነበር። ይህ ሁሉ አንቺ በላክሽው ዕቃ ነው። ይህንንም ባቻ ቢጽፍልሽ ጥሩ ነበር።

መስከረም ላይ ላፕቶፑ አንድ ጠባይ አመጣ። ሥራውን ሁሉ ደኅና አድርጎ ይሠራል፤ ችግሩ ሲያጠፉት ነው። አጥፋ ብለው ሲያዝዙት ትንሽ ይቆይና ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል። ያዘነ ፊት የመሰለ ምልክት ይወጣበታል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን ነገር ይመጣል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ እንደገና ይነሣል። እናትሽ አይታ «ተኛ ሲሉት የሚያለቅስ ሕፃን ሆኗል» አለች። ሌንጮ ያልሞከረው የለም። ቫይረስ ነው ብሎ አጸዳው። በቅርቡ የጫናቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አወጣ። በመጨረሻ ፎርማት ላድርገው ብሎ ተነሣ፤ ፕላኖቹ እንዳይጠፉበት ፈርቶ ተወው። ለአንቺም ያኔ ነው በስልክ «ትንሽ እያስቸገረኝ ነው» ያለሽ። ያንንም ቃል ሳታስታውሺው አልቀረሽም።

መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና የከፈተች ሊሊሴ የምትባል ልጅ አለች፤ ከሌንጮ ጋር አብረው ተምረዋል። ወደ እርሷ ሲሄድ እኔም ከገበያ ስመለስ አብሬው ገባሁ። ሊሊሴ ላፕቶፑ በወደቀ ቁጥር በውስጡ የሚያስቀምጠውን ምልክት ከፍታ አየችና «ድራይቨሩ ነው» አለች።

እኔ ሾፌር መስሎኝ «የምን ሾፌር?» አልኳት።

ሁለቱም ሳቁብኝ። «ሾፌር ይሁንልዎ፣ ጋሼ» አለች። «በዚህ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚነዳው ትንሽ ፕሮግራም አለው። ለድምፁ አንድ፣ ለስክሪኑ አንድ። ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ሲል ለሁሉም ‹አቁሙ› ብሎ ያዝዛል። ሌሎቹ እሺ ብለው ያቆማሉ። የስክሪኑ ካርድ ድራይቨር ግን መልስ አይሰጥም። ኮምፒውተሩ ይጠብቀዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ሲታክተው ይወድቃል። ዕቃው ራሱ ጤነኛ ነው። ለዚህ ካርድ የማይስማማ ድራይቨር ነው የተጫነበት።»

ልብ በዪ ናኦሚ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው ብላለች።

የሚስማማውን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ያለውን ነቅላ ብታወጣው ኮምፒውተሩ በደንብ ይጠፋል፤ ነገር ግን የሥዕሉ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ በወጉ አይታይም። ሌንጮ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሥራ ተቋራጭ «ሥራዎችህን ይዘህ ና፣ ልያቸው» ብሎት ነበር። ከወደደለት ቋሚ ሥራ ነው። «ይቆይ፣ ስመለስ ትሠሪልኛለሽ» አላት። እርሷም «እስከዚያ አታጥፋው። ክዳኑን ብቻ ግጠመው» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን እናትሽ ተኩሳለት፣ ጫማውን ራሱ ጠርጎ ሄደ። እኔ እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁት። የተለየ ነገር አልተነጋገርንም። «ስትደርስ ደውል» አልኩት፤ «እሺ አባባ» አለኝ።

የሆነውን የነገረን አጠገቡ ተቀምጦ የነበረ ጂሩ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ዝም ብሎ መንገዱን ሲቀጥል እርሱ እዚያው ቀርቶ የእኛን ስልክ ቁጥር ሌንጮን ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ደወለልን።

ሲሬን ካለፉ በኋላ አንድ ኬላ አለ። የከተማውን ስም አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢከፍተው ለሔለን አይበጃትም። በዚያ ኬላ በቀደመው ሳምንት ተኩስ ነበር፤ ከጠባቂዎቹ መካከልም የሞቱ ነበሩ። የተረፉት እንቅልፍ ያጡ፣ ዓይናቸው የቀላ ልጆች ናቸው አለኝ ጂሩ። ሁሉንም አስወርደው ዕቃ ሲፈትሹ አንዱ የሌንጮን ቦርሳ ከፈተ።

«ይህን ክፈተው።»

ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የሲሬው ክሊኒክ ፕላን ነበር።

«የምን ካርታ ነው?»

«ካርታ አይደለም፣ የቤት ፕላን ነው። ክሊኒክ ነው። ይህ በሩ ነው፣ ይህ የታካሚ መጠበቂያው።»

ፈታሹ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ነገሩ ሊያልፍም ነበር። «እሺ፣ አጥፋው» አለው። ሌንጮም ሊሊሴ እንዳለችው ክዳኑን ገጠመው።

«አጥፋው ነው ያልኩህ! ክደነው አላልኩም!»

«ወንድሜ፣ ሲጠፋ ችግር አለበት» አለ ሌንጮ።

ጂሩ መምህር መሆኔን ስላወቀ «በርሲሳ» ነው የሚለኝ፤ ሲነግረኝም «በርሲሳ፣ ያቺን ቃል ባይናገራት ኖሮ» አለኝ። ምን ይበል እንግዲህ? እውነቱን ነው የተናገረው። ፈታሹ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ «አጥፋው!» አለ። ሌንጮ አጠፋው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ከኋላ የቆመ እንግሊዝኛ ቀመስ የሆነ ሌላ ጠባቂ ነበር። አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ኮሌክቲንግ... ኢንፎ...» አለ። ከዚያ ጮኸ፦ «መረጃ እየሰበሰብን ነው ይላል!»

ላፕቶፑ እንዲህ ብሎ የሚጽፈው ስለ ራሱ ብልሽት ነው፤ ምን እንደሆንኩ መረጃ ሰብስቤ ልነሣ ማለቱ ነው። ይህን እኔ በኋላ ከሊሊሴ ነው የተማርኩት። እነዚያ ልጆች ግን የሚያዩት ያንን ነጠብጣብ ምልክትና ከዜሮ እየቆጠረ ወደ መቶ የሚሄድ ቁጥር ነው። አንዱ «እየላከ ነው!» አለ። አንዱ «ይፈነዳል!» ብሎ ሕዝቡን ወደ ኋላ አባረረ።

ሌንጮ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር አለኝ ጂሩ። ቢያስረዳቸው የሚገባቸው መስሎት። «ድራይቨር ነው! የድራይቨር ችግር ነው!» ይላቸው ነበር። እነርሱም ዘወር ብለው የአውቶቡሱን ሾፌር ጎትተው አመጡት። ሽማግሌው ሰውዬ ምኑንም ሳያውቅ በጥፊ ተመታ። ሌንጮ ያን ጊዜ ነው ፈገግታው የጠፋው። «እርሱ አይደለም፣ እርሱ አይደለም፣ ተዉት» እያለ መሐል ገባ። ሾፌሩን ለቀቁት። ሌንጮን እጁን ወደ ኋላ አስረው ወሰዱት።

እኔና እናትሽ በዚያው ቀን ደረስን። የዚያ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ያለው ዘብ «አለ፣ በምርመራ ላይ ነው፣ ማየት ግን አይቻልም» አለን። ጂሩ የዚያው ከተማ ሰው ስለሆነ ቤቱ አሳደረን። ሚስቱም እናትሽን እንደ እኅቷ ነው የያዘቻት። እናትሽ ጠዋትና ማታ ምግብ ሠርታ ታደርሳለች። ዘቡ ይቀበላታል፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ባዶውን ሳህን ስታይ ደስ ይላታል። «ኢልመ ኮ ምግብ አልተወም፣ ጨርሶታል» ትላለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ዶሮ ወጥ ሠርታ ላከች።

እኔ ደግሞ ወደ ነቀምቴ ተመልሼ ሊሊሴ ሱቅ ሄድኩ። ለፖሊስ ሄደሽ የነገርሽንን ንገሪልኝ አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔንስ ቢይዙኝ?»

አይይዙሽም ብዬ ብዋሻት ሌላ የሰው ልጅ ማስበላት ነው። እናቷም ከውስጥ ሰምተው ወጡ፤ በኦሮምኛ «አቶ ተክለጻድቅ፣ እኔም ያለችኝ እርሷ ናት» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ሊሊሴ ቦርሳዋን ታቅፋ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣለች። ኢንተርኔት ተመልሶ ስለነበር ትክክለኛውን ድራይቨር በፍላሽ ይዛዋለች። ቀና ብላም አላየችኝም። «ቶሎ ይግቡ ጋሼ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» አለችኝ።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተር ዋቅወያ ይባላል። ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ ወንበር ሰጠኝ። ሊሊሴ ስትነግረው ጠረጴዛውን እያየ አዳመጣት። ከዚያ ተነሥቶ ላፕቶፑን ከብረት ሣጥን አወጣና ፊቷ አስቀመጠው። «አሳዪኝ» አላት።

አበራችው። አጠፋችው። ሰማያዊው መጣ። ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፤ አልተነሣም ግን። ሊሊሴ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ተረጎመችለት፤ ከሥሩ የተጻፈውን የድራይቨሩን ስም በጣቷ አሳየችው። ቀጥላ ኮምፒውተሩን ድራይቨሮቹን ሳይጭን በሚነሣበት መንገድ አስነሣችውና አጠፋችው፤ ጸጥ ብሎ ጠፋ። እንደገና እንደ ወትሮው አስነሣችና አጠፋችው፤ ወደቀ። «አዩ?» አለችው። ከዚያ አሮጌውን ድራይቨር ነቅላ፣ በፍላሽ ያመጣችውን ጫነች። አጠፋችው። ጠፋ። አበራች፣ አጠፋች፤ ጠፋ። ኢንስፔክተሩ «እስቲ እኔ ልሞክረው» አለና በራሱ ጣት አጠፋው። ጠፋ።

«ስለዚህ ልጁ ያለው እውነት ነው» አለ።

«እውነት ነው» አለች።

«ለኬላው ልጆችም ነግሯቸዋል። በምርመራ በሰጠው ቃል ላይ አይቼዋለሁ። ድራይቨር፣ ድራይቨር ይላል። አልገባንም።»

ልቤ ተከፈተ፣ ናኦሚ። ብድግ አልኩ። «ታዲያ ልጄን ይልቀቁልኝ» አልኩት።

ዋቅወያ «በርሲሳ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። «ልጁ እዚህ የለም። በተያዘ በማግስቱ ነው የወሰዱት።»

«ማን ነው የወሰደው?»

«ከእኔ በላይ ያሉ ናቸው።»

«ወዴት?»

«ለእኔ አይነግሩኝም። ጠይቄያለሁ።»

በር ላይ ያለው ዘብ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ምግብ ሲቀበለን እንደነበር ነገርኩት። ዘቡን ጠርቶ በኦሮምኛ ተቆጣው። ልጁ፣ ዘቡ ማለቴ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ርቦት ይሆናል። እኔ ልቆጣው እንኳ አቅም አጣሁ።

«የለም ካሉ ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አሠሯት?» አልኩት ኢንስፔክተሩን፣ ወደ ሊሊሴ እያመለከትኩ።

«እኔም ማወቅ ፈልጌ ነው» አለኝ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አስረከበኝ። ማስረጃ አይደለምና ፈርመው ይውሰዱ አለኝ። ፈረምኩ። ዕቃው ነጻ ወጣ።

ለእናትሽ የሳህኑን ነገር ለመንገር ከጣቢያው እስከ ጂሩ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ነገርኳት። አልጮኸችም። ማድ ቤት ገብታ ለማታ ያሰናዳችውን ለጂሩ ልጆች አቀረበችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። እስኪጨርሱ ድረስ ታያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልሄድንበት ቢሮ የለም። ይኸኛው ወደዚያኛው ይልከናል፤ ያኛው «የለንም» ይላል። ወደ አዲስ አበባም ሄጄ ተመልሻለሁ። የእናትሽ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤታችን እየመጡ ይጸልያሉ፤ እኔም በየሳምንቱ ደጀ ሰላም አልቀርም። ሊሊሴ አንዳንዴ ሱቋን ስትዘጋ ትመጣና ከእናትሽ ጋር ትቀመጣለች። ብዙም አያወሩም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ያንቺ ዕቃ ልጁን አላሰረውም። ዕቃ ሰው አያስርም፤ ሰው ነው ሰውን የሚያስር። በአንቺ ላብ የተገዛው ዕቃ ለወንድምሽ እንጀራ ሆኖት ነበር፤ ያቺን መስኮት ባየሁ ቁጥር አመሰግንሻለሁ። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ ብዬ አይደለም። ከሊሊሴ ጋር ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሥራሽን ጥለሽ ልምጣ እንዳትዪ። መንገዱ አሁንም እንደዚያው ነው፤ ሁለታችሁንም በመንገድ ላይ ማሰብ አልችልም። ስልክሽን ብቻ አንሺ። እናትሽ ድምፅሽን ካልሰማች አትበረታም። ስታነሺም ስለ ላፕቶፕ አታውሪ፤ ምን እንደበላሽ፣ ብርድ መጣ ወይስ ሙቀት፣ ይህን ይህን ንገሪያት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ወረቀቱን አጥፌ እንደገና ዘረጋሁት። እናትሽ አታውቅም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት። ብቻዬን ግን ልይዘው አልቻልኩም።

ከጣቢያው ልወጣ ስል ኢንስፔክተር ዋቅወያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ከመሳቢያው አወጣ። «ይህም የእርሱ ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። የሌንጮ መነጽር ነው። መስታወቱ ደኅና ነው፤ አንደኛው ክንዱ ብቻ ጎብጧል። ሰባተኛ ክፍል ሆኖ ሰሌዳ አልታየው ሲል እኔ ነኝ ጂማ ወስጄ ያሠራሁለት፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየከበደ ነው የሄደው። ካወለቀው የእኔንና የእናትሽን ፊት አይለይም። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ያለ እርሱ ከአልጋው ተነሥቶ በሩን አያገኝም።

ኮቴ ውስጥ፣ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሊሊሴ አይታኛለች። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ነበር።

እኔ የማስበው ከወሰዱት በኋላ ሌላ መነጽር ገዝተውለት ይሆናል ብዬ ነው። እስረኛ ሲታመም ያሳክሙ የለ? እንደዚያ ይሆናል። የጎበጠውን ክንድ እዚህ ያለ መነጽር ሠሪ ጋ ወስጄ አቃናሁት፤ በፊት እንደነበረው ሆኗል።

በይ ልጄ፣ ጤናሽን ጠብቂ። በምትሠሪበት ቤት ያሉትን ሰዎች ልብ ያራራልሽ። የእናትሽ አምላክና የእኔ አምላክ አንድ ነውና በሁለታችን ጸሎት በሰላም አገርሽ ያግባሽ፤ የእናትሽን ዓይን ሳይደክም ያሳይሽ። ወንድምሽንም ባለበት ቦታ ብርዱን ያርቅለት፣ ጨለማውን ያቅልለት። ደግ ልጅ ነበር።

ስልክሽን አንሺ።

አባትሽ ተክለጻድቅ
እናትሽ ቀለሟም አጠገቤ ሆና «ሳሚልኝ» ብላሻለች